ርገጪ፣ ያዢ፣ ልቀቂ

ወንድሜ ነስሩ ሞተር ቀየረላት፣
ለአባባ ሴቼንቶ፣ ለዚያች ድንክ ፊያት።
አጋሮ መንገድ ላይ ከተገለበጠች
ከአንዲት መቶ ሃያ ሰባት፣ ልብ አውልቆ ሰጣት።
የኋላ ኮፈኗ አልገጥም ቢለው
በሽቦ ወጥሮ ክፍቱን ተወው።
ከአጂፕ ፈረንጅ አራዳ አስጮኻት፤
ባጃጅ ሁሉ ዳር ይዞ አሳለፋት።
«ስንት ትሄዳለች?» ያላለ አልነበረም፤
«በምን ትቆማለች?» ያለ ግን የለም።

እኔም አልጠየቅኩም። እኔና ነስሩማ
ዓመት ከመንፈቅ ነው ካልተነጋገርን፤
የአባባ ቤት ተሸጦ ዕቃው ሲከፈል
እሱ መኪናዋን፣ እኔ ሲንጀሩን
ይዘን ተለያየን።

ከዚያ የጅሬን ቁልቁለት።
እንግዳ አድርሶ ብቻውን ሲወርድ
ረገጠ፤ እሺ አለች።
ደግሞ ረገጠ፤ ቆይ አለች።
ሦስተኛው ላይ ምንም አላለች።
የተቃጠለ ቀንድ የመሰለ የሸራ ሽታ
ከአራቱ ታንቡሮ ወጥቶ አረፈ በምላሱ፤
ለቦይ ከተከመረ ጠጠር ውስጥ
አፍንጫዋን ቀብራ ቆመች፣ ሳይወልቅ አንድ ጥርሱ።

አባ ቡልጉ መጡ። ጎማ አስወልቀው
ታንቡሮውን በጥፍር ጫሩት፤ እሳት ሰማያዊ አድርጎታል መልኩን።
«ይሄ የሃያ ዘጠኝ ፈረስ ልጓም ነው፣
አንተ አርባ ሰባት ሰደድክበት፤ አላየህም ልኩን?»

ዲስኩ ከዚያችው ከሟቿ ተፈታ።
የግራው ካሊፐር ዝጓል፤ በናፍጣ አደረ፣ በመዶሻ ተመታ።
ዳንሳ በቶርኖው ሃቡን ላጨው፤
የድሮው ቸርኬ አላሳልፍ አለ፣ ካሊፐሩን ፈጨው።
ሰፋ ያለው ቸርኬ ደግሞ ፓራፋንጎውን በላ፤
ፓራፋንጎው ታጠፈ። ገንዘብ አለቀ ከዚህ በኋላ።

ቦምባውን እኔ ነኝ የገዛሁት።
ሁለት መስመር ያለው፣ አንዱ ቢከዳ አንዱ የሚይዝ፣
ከአዲስ አበባ፣ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ።
«ከማን ነው ካለዎት፣ ከገበያ ነው በሉት።»

አሁን አየሩን ለማስወጣት እግር ጠፋ።
የአባ ቡልጉ ጉልበት ከታጠፈ አይዘረጋም።
እሳቸው ደወሉልኝ። ነስሩ አልደወለም።

ቅዳሜ ነው፤ ክረምት፤ ቆርቆሮው ይጮኻል።
ነስሩ ከሥሯ በካርቶን ላይ ተንጋሏል፤
እኔ በአባባ ወንበር፣ መሪውን ይዤ፣
የሚታየኝ እግሩ ብቻ ነው፤ ካልሲው ተቀዷል።
«ከሩቁ ጎማ ነው የሚጀመረው» አሉ አባ ቡልጉ።

«ርገጪ።»
ረገጥኩ።
«ያዢ።»
ያዝኩ።
በሃይላንዱ ውስጥ አረፋ ተንተከተከ።
«ልቀቂ።»
ለቀቅኩ።
«ርገጪ። ያዢ። ያዢ አልኩሽ እኮ!»
«ልቀቂ ብለሃል!»
«አላልኩም!»
«ብለሃል፣ ጆሮ አለኝ!»
አየሩ ተመልሶ ገባ። እንደገና፣ ከሀ።
አባ ቡልጉ ፊታቸውን ወደ ዝናቡ አዞሩ፤ ትከሻቸው ይስቃል።

ፔዳሉ እንደ ሊጥ ነበር ስንጀምር፤
አራተኛው ጎማ ላይ፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት፣
እግሬን መልሶ ገፋኝ።
«ያዘ» አልኩ።
«ያዘ?» አለኝ ከሥር።

እሑድ ጅሬን ወጣን። ስንመለስ ቁልፉን ጣለልኝ፤
«አንቺ ንጂ፣ እግርሽ ያውቃታል።»
የጠጠሩ ክምር ተነሥቷል፣ ቦዩ ታንጿል፤
አንድ ወይፈን ከጽዱ አጥር ወጥቶ
መንገዱ መሐል ቆሞ ያስባል።
ረገጥኩ።
አፍንጫዋን ደፋች፤ ጎማው አልጮኸም፤
ከወይፈኑ ጭራ ክንድ ሲቀረን ቆመች።
ከወንበሬ ሥር አንዲት ብልቃጥ ተንከባላ
ተረከዜን መታች፤
የአባባ ፔኒሲሊን፣ የላስቲክ ክዳኗ በመርፌ የተበሳሳ፣
ከድሬሰርነቱ ዘመን የቀረች።
ነስሩ አነሣት። ወደ ብርሃን አያት። ኪሱ ከተታት።
ወይፈኑ አልተነሣሣም።

«ወደ ቀኝ ትንሽ ትጎትታለች» አለ ቆይቶ።
«የግራው ካሊፐር ነው።»
«ነው። ሰኞ እፈታዋለሁ።»
ሞተሩ ከኋላችን፣ ኮፈኑ ክፍት፣ ያጉረመርማል።
«ሰኞ ደግሞ» አለ፣ ወይፈኑን እያየ፣
«እግር ያስፈልገኛል።»